ሳን ሉዊን የዋጣት ባሕሩ ብቻ ነው?

ስለ ሴኔጋሏ ሳን ሉዊ ከተማ የተሠራ ዘገባ ወይም አጭር ዘጋቢ ፊልም አይታችሁ ከሆነ አካሄዱን ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ግማሹ የተናደ ቤት ይታያል። ቀጥሎ አንድ ዓሣ አጥማጅ ባሕሩ ዳር ይቆምና የአያቱ ቤት የነበረበትን ቦታ በጣቱ ወደ ውሃው ያመለክታል። ከዚያ የተራኪው ድምፅ ይገባል፤ ከተማዋን የአየር ንብረት ለውጥ እየዋጣት ነው ይላል። አለቀ። ተመልካቹ ያዝናል፣ ስለ ፋብሪካ ጭስና ስለ በረዶ መቅለጥ ትንሽ ያስባል፣ ወደ ሌላ ጉዳይ ያልፋል።

ነገሩ ውሸት አይደለም። የባሕሩ ጠለል ከፍ እያለ ነው፣ ቤቶቹም በእርግጥ ፈርሰዋል። እኔን ቅር የሚለኝ የሚዘለለው ክፍል ነው። ከከተማዋ በስተደቡብ በ2003 በአንድ ሌሊት የተቆፈረ፣ ስፋቱ አራት ሜትር ብቻ የነበረ ቦይ አለ። የቆፈሩት ሰዎች ዓላማቸው ከተማዋን ከጎርፍ ማዳን ነበር፤ አዳኗትም። ዛሬ በዚያ ቦታ የሚታየው ግን ቦይ አይደለም፣ የውቅያኖስ በር ነው። ይህን ሳያነሱ ስለ ሳን ሉዊ ማውራት፣ ስለ አንድ የቤት ቃጠሎ እያወሩ ክብሪቱን የጫረውን እጅ እንደ መተው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ቦታውን እናስተውለው። እኛ አገር ወንዝ ባሕር ሲገባ የማየት ዕድል የለንም። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል፤ ዓባይ የሚደርሰው እኛ በማናየው በግብፅ ጫፍ ነው። ስለዚህ ወንዝና ባሕር ሲገናኙ ምን እንደሚሆን በዓይነ ኅሊና መሳል ትንሽ ያስቸግራል። ወንዙ ዝም ብሎ እንደ ቧንቧ አይፈስም። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሲሞላ ጨዋማ ውሃ ወደ ወንዙ አፍ ሽቅብ ይገባል፣ ሲጎድል ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ የወንዙ የመጨረሻ ኪሎ ሜትሮች ወንዝም ባሕርም ናቸው። ዝናብ በሚበዛበት ወቅት ወንዙ ያሸንፋል፣ ውሃውም የሚጠጣ ይሆናል፤ በበጋ ባሕሩ ያሸንፍና ጨው ይገባል። በዚህ ቦታ የሚኖር ገበሬ፣ ዓሣ አጥማጅና ጨው አምራች ኑሮው የተመሠረተው ይህ ግብግብ የት ላይ እንደሚቆም በማወቅ ነው።

የሴኔጋል ወንዝ ከጊኒው ፉታ ጃሎን ደጋ ተነሥቶ ወደ 1,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ አትላንቲክ ውቅያኖስ ጋ ይደርሳል። ግን ቶሎ አይገባበትም። ከፊቱ ላንግ ደ ባርባሪ የሚባል የአሸዋ ልሳን ተጋድሞ ይጠብቀዋል፤ ስሙ ራሱ በፈረንሳይኛ «የባርባሪ ምላስ» ማለት ነው። ይህ ልሳን ወርዱ በብዙ ቦታ ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ነው። ርዝመቱ ግን በአሥር ኪሎ ሜትሮች ይቆጠራል። በአንድ በኩል ውቅያኖሱ ይመታዋል፣ በሌላ በኩል ወንዙ ጎን ለጎን ወደ ደቡብ ይፈሳል። ከ2003 በፊት ወንዙ ባሕር የሚገባው ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ወርዶ ነበር።

ሳን ሉዊ በወሎፍ ቋንቋ ንዳር ትባላለች። ፈረንሳዮች በ1659 የቆረቆሯት፣ ከ1895 እስከ 1902 የፈረንሳይ ምዕራብ አፍሪካ ዋና ከተማ የነበረች፣ በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ናት። አሮጌው ከተማ በወንዙ መሃል ባለ ደሴት ላይ ነው። በምሥራቅ በኩል ሶር የሚባለው ሰፊው የከተማ ክፍል አለ፤ በምዕራብ በኩል ደግሞ እዚያው አሸዋ ላይ የተሠራው የዓሣ አጥማጆቹ ሰፈር ጌት ንዳር። ጌት ንዳር በአፍሪካ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው ሰፈሮች አንዱ ነው። በፎቶ ያየ ሰው ይገባዋል፤ ቤት ከቤት ተለጣጥፎ፣ በባሕሩ ዳር ደግሞ ደማቅ ቀለም የተቀቡ ረጃጅም የእንጨት ጀልባዎች ተደርድረው።

እንግዲህ ይህች ከተማ በሁለት በኩል ውሃ ይመጣባታል። ከፊት ባሕሩ፣ ከጀርባ ወንዙ። ይህን ያዙልኝ፤ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

በ2003 የመጣው ከጀርባ ነበር። ላይኛው ተፋሰስ ጥሩ ዝናብ አግኝቶ ነበርና ወንዙ በመስከረምና በኦክቶበር ሞላ። የሶር ዝቅተኛ ሰፈሮች በውሃ ተዋጡ። ለምን እዚያ ሰፈር ተሠራ ብትሉ፣ መልሱ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የነበረው ከባድ ድርቅ ነው። ድርቁ የገጠሩን ሕዝብ ወደ ከተማ ገፋው፣ ወንዙም ስላልሞላ ቀድሞ ውሃ የሚተኛባቸው ቦታዎች ደረቅ መሬት መስለው ታዩ። ሰው ቤት ሠራባቸው። ዝናቡ ሲመለስ ውሃውም ወደ አሮጌ ቦታው ተመለሰ። አዲስ አበባ ወንዝ ዳር ቤት የሠራ ሰው ይህን ታሪክ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

በኦክቶበር መጀመሪያ ውሃው መውረዱን ትቶ ይበልጥ የሚጨምር መሰለ። በቅርስነት የተመዘገበችው ከተማም ልትሰጥም ነው ተባለ። ባለሥልጣናቱና መሐንዲሶቹ ውሳኔ ላይ ደረሱ፤ ከከተማዋ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ በስተደቡብ የአሸዋውን ልሳን በቦይ መቅደድ። ስፋቱ አራት ሜትር፣ ርዝመቱ 100 ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ ደግሞ ከአንድ ሰው ቁመት አይበልጥም። ማሽኖቹ በሌሊት ቆፈሩ።

እዚህ ላይ የስሌቱን ውበት መካድ አይቻልም። የወንዙ ውሃ ከተማዋ ጋ ከባሕሩ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ ነበር እንበል። ያ አንድ ሜትር በ30 ኪሎ ሜትር ላይ ሲከፋፈል በየኪሎ ሜትሩ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ቁልቁለት ነው፤ ውሃው እንደ ሽማግሌ ነው የሚሄደው። መውጫውን ሰባት ኪሎ ሜትር ላይ ስታደርጉት ቁልቁለቱ ወደ 14 ሳንቲ ሜትር ያድጋል። ውሃው መሮጥ ይጀምራል። እንደታሰበውም ሆነ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ የከተማዋ ውሃ ጎደለ። ያን ጊዜ የተመለከተ ሰው ቢያጨበጭብ አይፈረድበትም።

ችግሩ ቦዩ የተቆፈረው አሸዋ ላይ መሆኑ ነው። መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ ይህን ያውቃል፤ የቦዩን አፍ በዶማ ትንሽ ከፍቶ ለአፍታ ዘወር ቢል፣ ሲመለስ ውሃው አፉን ራሱ አስፍቶት ያገኘዋል። የሚፈስ ውሃ አፈር ይዞ ይሄዳል፤ አፈሩ ሲሄድ ቦዩ ይሰፋል፤ ቦዩ ሲሰፋ ብዙ ውሃ ይፈሳል፤ ብዙ ውሃ ደግሞ ብዙ አፈር ይዞ ይሄዳል። ገበሬው ሮጦ በሣርና በጭቃ ይደፍነዋል። በላንግ ደ ባርባሪ ላይ የሚደፍነው አልነበረም። አራት ሜትሩ በቀናት ውስጥ ከ200 ሜትር አለፈ። ከዚያ ወደ 800 ሜትር ገደማ ደረሰ። አሥር ዓመት ገደማ ሲሞላው የሚለካው በኪሎ ሜትር ነበር።

ይህ ብቻ ቢሆን የጎርፉ ወቅት ሲያልፍ ነገሩ ይበርድ ነበር። በበጋ ወንዙ ሲደክም ቦዩን የሚቦረቡረው ምን ሊሆን ነው? ባሕሩ ነዋ። አሁን የባሕሩ ሙላት ለመግባት 30 ኪሎ ሜትር መዞር የለበትም፤ በሩ ከተማዋ ደጃፍ ላይ ተከፍቶለታል። በቀን ሁለት ጊዜ ይገባል፣ ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ በገባና በወጣ ቁጥር በሩን ይጠርጋል። አሮጌው የወንዝ አፍ ግን ውሃ ሲቀርበት በአሸዋ ተደፈነ። ውሃ ሁለት አፍ ለረዥም ጊዜ አይመግብም፤ አቋራጩን ይመርጣል።

ቀድሞ ያ ረዥሙ መንገድ ራሱ መከላከያ ነበር። የባሕሩ ሙላት ከወንዙ ግርጌና ዳርቻ ጋር እየተጋጨ፣ ጉልበቱ እየደከመ ነው ከተማዋ የሚደርሰው። ከቦዩ በኋላ በሳን ሉዊ በኩል በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው የውሃ ከፍታ ልዩነት በግምት ሦስት እጥፍ አደገ። በሌላ አነጋገር፣ ከጀርባ የሚመጣውን የወንዝ ጎርፍ ለማስወጣት የተከፈተው በር ከፊት ያለውን ባሕር በጀርባ በኩል አስገባው።

አሁን ወደ ሒሴ ልግባ። በዓለም ዙሪያ የባሕር ጠለል አማካይ ጭማሪ በእነዚያ ዓመታት በዓመት ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከ2003 እስከ 2018 ባሉት 15 ዓመታት ብታሰሉት አምስት ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። በቦዩ ምክንያት የተፈጠረው የሙላትና የጉድለት ለውጥ ግን በአሥር ሳንቲ ሜትሮች የሚቆጠር ነው፤ የተፈጠረውም በወራት ውስጥ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጡና ከዚያ «ከተማዋን እየዋጣት ያለው የአየር ንብረት ለውጥ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እንደገና አንብቡት። አምስቷ ሳንቲ ሜትር ወደፊት አምሳ ልትሆን ትችላለች፤ በዚያ ላይ ክርክር የለኝም፤ እንዲያውም ያስፈራኛል። እስካሁን የደረሰውን ጉዳት ለማስረዳት ግን አትበቃም።

ለመሆኑ ይህ መዘለል ማንን ይጠቅማል? ለጋዜጠኛው ታሪኩን ያቀልለታል፤ ክፉው ሰው ሩቅ ነው፣ ስም የለውም፣ ሁላችንም ትንሽ ትንሽ ነን። ለባለሥልጣን ደግሞ እፎይታ ነው። ውሳኔ ይጠየቃል፣ የአየር ንብረት ግን ፍርድ ቤት አይቆምም። ማንም ተማክሮ ያደረገው ነው እያልኩ አይደለም። ግን አንድን ጉዳት ሙሉ በሙሉ ወደ ሰማይ ስናሳልፈው ካሣ የሚጠይቀው ሰው የሚያንኳኳው በር ይጠፋዋል።

ያ ሰው ደግሞ አለ። ጋንዲዮል ከከተማዋ በስተደቡብ፣ ከአሸዋው ልሳን ጀርባ ያለ የገጠር አካባቢ ነው። በሽንኩርቱና በአትክልቱ የታወቀ ነበር። ገበሬው ውሃ የሚቀዳው ጥልቀት ከሌላቸው ጉድጓዶች ነው። እንዲህ ባለ አሸዋማ መሬት ጣፋጩ የከርሰ ምድር ውሃ ከጨዋማው በላይ ተንሳፎ ይቀመጣል፣ ልክ ዘይት ውሃ ላይ እንደሚተኛ፣ ልዩነቱ ግን እንደ ዘይቱ ያልጠነከረ ነው። የባሕሩ በር ሲቀርብና ሙላቱ ሲያድግ ጨዋማው ከሥር ተነሣ። ጉድጓዱ ጨው ጨው አለ። ሽንኩርት ደግሞ ጨው የማይወድ ተክል ነው። ብዙ ማሳ ተተወ፣ ወጣቱ ተሰደደ።

ከክፍተቱ ፊት ለፊት ዱን ባባ ጄይ የምትባል የዓሣ አጥማጆችና የገበሬዎች መንደር ነበረች። ከውቅያኖሱ የሚጋርዳት ያ የአሸዋ ልሳን ነበር። ክፍተቱ እየሰፋና ወደ ደቡብ እየተጓዘ ፊቷ ላይ ሲደርስ ግርዶሹ ተነሣ፤ የአትላንቲክ ሞገድ በቀጥታ መታት። በ2012 አካባቢ ነዋሪዎቿ ጥለዋት ወጡ። ዛሬ የቀሩት በውሃ ውስጥ የቆሙ የግድግዳ ስብርባሪዎችና በጨው የደረቁ ግንዶች ናቸው። በዚያ ጠረፍ አሸዋውን እንዲይዙ የተተከሉት የእኛዎቹ ሽውሽዌ ዛፎች ጭምር አልቻሉትም። ዓሣ አጥማጆቹም ሌላ ዕዳ ከፈሉ። በአዲሱ በር በኩል ሞገዱ እየተሰበረ፣ የአሸዋው ጉብታ ቦታውን በየጊዜው እየቀያየረ ጀልባ ይገለብጣል፤ በዚያ ያለፉት ጥቂት አይደሉም።

ልብ በሉ፤ በዚያ ሌሊት የዳኑት የከተማው ሰዎች ናቸው፤ የከፈሉት የመንደሩ ሰዎች። ሳን ሉዊ ቅርስ ናት፣ አገረ ገዥ አላት፣ ካሜራ አላት። ዱን ባባ ጄይ ሽንኩርትና ዓሣ ነበራት።

የቦዩ ተከላካዮች አንድ የሚከብድ ክርክር አላቸው፤ ሳልጠቅሰው ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል። ላንግ ደ ባርባሪ በታሪኩ በራሱ ጊዜ ብዙ ጊዜ ተቀድዷል ይላሉ። እውነት ነው። ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣው ሞገድ ጠረፉን የሚመታው አግድም ነው፤ ወለል በመጥረጊያ አግድም እንደሚጠረግ አሸዋውን ወደ ደቡብ ይገፋዋል፤ በየዓመቱ የሚገፋው በመቶ ሺዎች ሜትር ኩብ ነው። በዚህ ምክንያት ልሳኑ ወደ ደቡብ ይረዝማል፣ በጣም ሲረዝም አንድ ቦታ ላይ ይበጠሳል፣ አፉ ወደ ሰሜን ይዘላል፣ ከዚያ እንደገና ይረዝማል። የ2003ቱም ክፍተት እንደዚያው እያደረገ ነው። ሰሜናዊው ጫፍ እየረዘመ፣ ደቡባዊው እየተበላ፣ በሩ ወደ ደቡብ ይሄዳል። ተፈጥሮ ቁስሉን ታሽራለች ቢሉ አልቃወምም። ነገር ግን ታሽራለች የሚባለው በአሥርት ዓመታት ነው። እያሻረች ባለችበት ጊዜ ነው መንደሯን የረገጠቻት። የተክል አልጋ አዘጋጅቶ ዝናብ የሚጠብቅ ገበሬ 30 ዓመት አይጠብቅም።

በሌላ በኩል፣ ሁሉንም ነገር በዚያ ሌሊት መሐንዲሶች ላይ የሚደፉት ተቺዎችም አያሳምኑኝም። «የመሐንዲሶች ስሕተት» የሚለው ታሪክ ለመናገር ይመቻል፤ እርሱም የራሱን ነገር ይዘላል። እነዚያ ሰዎች ውሃ በር ላይ ቆሞ ነው የወሰኑት። እኔን የሚያሳስበኝ መቆፈራቸው ሳይሆን፣ ሲቆፍሩ መዝጊያ አለማሰባቸው ነው። የቦዩን ጎኖች በድንጋይ ማጠናከሪያ አልተዘጋጀም፤ ጎርፉ ሲያልፍ የሚደፈንበት ዕቅድ አልነበረም፤ በአካባቢው ላይ ምን ያደርሳል የሚል ጥናት አልቀደመም፤ የጋንዲዮል ሰው አልተጠየቀም። ከሁሉ በላይ ግን ጥያቄው ከዚያ ሌሊት በፊት ይጀምራል፦ ወንዙ እንዲያ ተጨናንቆ ከተማዋ ላይ ለምን ደረሰ?

እዚህ ላይ ግድቦቹ ይመጣሉ። ሴኔጋል፣ ማሊና ሞሪታኒያ በ1972 የወንዙን የጋራ ድርጅት አቋቋሙ፤ ጊኒ በኋላ ገባች። ከድርቁ በኋላ ሁለት ትልልቅ ሥራዎች ተሠሩ። አንዱ በማሊ ያለው የማናንታሊ ግድብ ነው፤ 11 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ይይዛል፣ በ1988 ተጠናቀቀ። ሁለተኛው ከሳን ሉዊ ሽቅብ 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው፣ በ1986 የተጠናቀቀው ጃማ ነው። ጃማ ውሃ ለማጠራቀም ሳይሆን ጨው ለመከልከል ነው በዋናነት የተሠራው። ከእርሱ በፊት በበጋ የባሕሩ ውሃ በወንዙ ሽቅብ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘልቅ ነበር። በበጋ በሮቹን ይዘጋል፣ በጎርፍ ጊዜ ይከፍታል።

ለላይኛው ሸለቆ ይህ ትልቅ ጥቅም ነበር፤ ሩዝ ተዘራ፣ ዳካር የምትጠጣው ውሃ ተገኘ። ግን ከግድቡ ጋር የወንዙን ግራና ቀኝ የሚያጥሩ የአፈር መከላከያዎችም ተሠሩ። ቀድሞ በጎርፍ ጊዜ ውሃው በሜዳው ላይ ተዘርግቶ ይተኛ ነበር። አሁን በመከላከያዎቹ መካከል ተይዞ ወደ ታች ይወርዳል። ታች ያለችው ማን ናት? ሳን ሉዊ። እንግዲህ ያ ሌሊት የአንድ ሌሊት ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

«ታዲያ ምን ይደረግ ነበር?» ለምትሉኝ፣ መልሱን ከወንዙ ማዶ ማየት ይቻላል። በሞሪታኒያ በኩል ጃውሊንግ የሚባል ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ የተቋቋመው በ1991 ነው። ቦታው ግድቡ ከመሠራቱ በፊት ወንዙ የሚተኛበት ረግረግ ነበር፤ ከጃማ በኋላ ደርቆ ጨው ተኛበት። ከ1994 ጀምሮ በመከላከያው ላይ በተሠሩ በሮች አማካይነት በጎርፍ ወቅት ውሃ እያስገቡ እንደ ድሮው እንዲጥለቀለቅ አደረጉት። ዓሣው ተመለሰ፣ ወፉ ተመለሰ፣ ሴቶች ምንጣፍ የሚሠሩበት ሣርም እንደገና በቀለ። ውሃው መቼና ምን ያህል ይግባ የሚለውን ለመወሰን ዓሣ አጥማጁንም፣ ከብት አርቢውንም፣ ምንጣፍ ሠሪዋንም አነጋገሩ። ጃውሊንግ ብቻውን የ2003ን ጎርፍ ይውጠው ነበር ማለቴ አይደለም፤ ፓርክ ነው፣ ተአምር አይደለም። የማሳየው ነገር ግን አለ። ጎርፍ የሚተኛበት ቦታ አስቀድሞ ከተሰጠው፣ በመጨረሻው ሌሊት በማሽን ቦታ አይፈለግለትም።

ከዚህ በኋላ የሆነው ግን ወደ ተለመደው ተመለሰ። በ2017 እና በ2018 የመጣው ከፊት ነበር። ከባድ ሞገድ ጌት ንዳርንና አጎራባች ሰፈሮቿን መታ፣ ቤቶች ወደቁ፣ ከ3,000 በላይ ሰው ቤት አልባ ሆነ። እዚህ ላይ ራሴን ማረም አለብኝ፤ ይህን ጉዳት በቦዩ ማመካኘት አይቻልም። ሰፈሩ ከክፍተቱ በስተሰሜን ነው፤ አሸዋው የሚጓዘው ደግሞ ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው። የጌት ንዳር ችግር ቤቶቹ ባሕሩ እየሰፋና እየጠበበ በሚንቀሳቀስበት አሸዋ ላይ፣ እስከ ውሃው ጫፍ ድረስ መሠራታቸው ነው። ቤት የሌለበት የባሕር ዳር በማዕበል ወቅት ይበላል፣ በረጋ ጊዜ ይሞላል፤ ማንም አያየውም። ቤት ሲቆምበት ያው እንቅስቃሴ «ጥፋት» ይባላል። ሰዎቹ ወደውም አይደል፤ የዓሣ አጥማጅ ቤት ጀልባው ከሚታይበት አይርቅም፣ ልጅ ሲወለድና ሲያገባም የሚጨመረው ክፍል ወደ ባሕሩ ነው የሚሄደው፣ ሌላ ቦታ የለማ!

በየካቲት 2018 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን ከተማዋን ጎብኝተው 15 ሚሊዮን ዩሮ ቃል ገቡ። በሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የድንጋይ መከላከያ ተሠራ። እኛ አገር ቦረቦር ለመከላከል እንደምንሠራው ጋቢዮን ያለ በሽቦ የታጨቀ ድንጋይም አለበት። የዓለም ባንክ ደግሞ በዚያው ዓመት በ30 ሚሊዮን ዶላር በጀመረው ፕሮጀክት ከባሕሩ ጫፍ 20 ሜትር ያህል ውስጥ ያሉት ቤቶች እንዲነሡ፣ ሰዎቹም ከባሕሩ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ወደ ውስጥ ባለው ጁጎፕ እንዲሰፍሩ አደረገ።

ግንቡ ጊዜ ይገዛል፤ ይህን ማቃለል አልፈልግም። ሌሊት በሞገድ ድምፅ የምትባንን እናት ጊዜ መግዛት ትርጉም አለው። ግን የጠረፍ ሳይንስ የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል። አሸዋ ላይ የቆመ ግንብ ሞገዱን አይበላውም፣ ይመልሰዋል፤ የተመለሰው ሞገድ ከፊቱ ያለውን አሸዋ ይጠርጋል። ግንቡ ይቆያል፣ ከፊቱ ያለው አሸዋ ግን ይሳሳል። ያ አሸዋ ደግሞ ለጌት ንዳር መዝናኛ አይደለም፤ ጀልባ የሚጎተትበት፣ ዓሣ የሚሸጥበት፣ መረብ የሚጠገንበት ቦታ ነው። ግንቡ ባለቀበት ጫፍ ላይ ያለው ጎረቤትስ? የተገፋው ጉልበት ወደ እርሱ ነው የሚሄደው። እንደገና አንዱን አድኖ ለቀጣዩ ማስተላለፍ።

ጁጎፕ የሄዱትም ቤት አግኝተዋል። ኑሯቸው ግን ባሕሩ ዳር ቀርቷል። ጀልባው እዚያ፣ ገበያው እዚያ፣ ሴቶቹ ዓሣ የሚያደርቁበት ቦታ እዚያ። በየቀኑ ለትራንስፖርት መክፈል ያስፈልጋል፤ ባሕሩ ሊወጡበት ምቹ የሚሆነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአውቶቡስ ሰዓት በፊት ነው። ከእነርሱ ቀደም ብሎ በነበሩ ማዕበሎች የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ደግሞ ካር ያላ በሚባል ቦታ ላይ ለዓመታት ቆይተዋል፤ ጊዜያዊ ተብሎ የጀመረው መጠለያ ለልጆቻቸው የትውልድ ሰፈር ሆነ።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ዘገባዎቹ ጨርሶ አይነኩትም። ሳን ሉዊ ዛሬ ከወንዙ ጎርፍ ከቀድሞው በተሻለ የተጠበቀች ናት። በሩ ሰፊ ስለሆነ የወንዙ ውሃ ቶሎ ይወጣል። በኦክቶበር 2024 የሴኔጋል ወንዝ ሞልቶ ላይ ያሉትን ባኬልንና ማታምን ሲያጥለቀልቅ፣ ያ ሁሉ ውሃ በመጨረሻ ወደ ባሕር የፈሰሰው በዚያው ሰፊ በር ነው። ቦዩ ሠርቷል ማለት ነው። አሁንም እየሠራ ነው። ለዚህ ነው «ስሕተት ነበር፣ እንድፈነው» ማለት የማይቀለው። ሙሉ በሙሉ ብትደፍኑት ሶር እንደገና ይጥለቀለቃል፤ ብትተዉት ጋንዲዮል ጨው ይጠጣል።

አሁን ደግሞ ሌላ ባለጉዳይ መጥቷል። የወንዙ የጋራ ድርጅት ከሳን ሉዊ እስከ ማሊዋ አምቢዴዲ 900 ኪሎ ሜትር ያህል መርከብ የሚሄድበት መስመር ለመክፈት ሲያቅድ ኖሯል። መርከብ ደግሞ በየዓመቱ ቦታውን የሚቀይር በር አይወድም፤ የተወሰነ፣ የጠለቀ፣ በድንጋይ የታጠረ አፍ ይፈልጋል። ስለዚህ «የወንዙን አፍ ማረጋጋት» የሚለው ሐረግ አሁን በሰነዶች ውስጥ ይገባል። ሰነዱን የምታነቡ ከሆነ ሦስት ነገር ፈልጉበት። አፉ የሚተከለው ስንት ኪሎ ሜትር ላይ ነው? ጥልቀቱ ስንት ነው? በዚያ ጥልቀት የባሕሩ ሙላት ጋንዲዮል ላይ ስንት ሳንቲ ሜትር ይደርሳል? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በእርግጥ ታገኛላችሁ፤ መርከቡ ይፈልጋቸዋልና። ሦስተኛው ከሌለ፣ ያ ሰነድ በ2003 ሌሊት ከነበረው አልተሻለም፤ ልዩነቱ ይኼኛው በቀን መጻፉ ነው።